አርባ አራት ደወል ያላት አገር

እኔ በሠራኋት አገር ውስጥ አራት ቅዳሜ ሙሉ ማንም ማንንም መምታት አልቻለም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይኮራ ነበር። እኔ ግን አገሪቱን የሠራኋት ለጨዋታ ነበርና ጨዋታውን ልገድለው ምንም አልቀረኝም። ከሥሩ ልጀምር፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ከመሐል ሲጀምር ያንቀዋል።

ቤቴ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም አይርቅም። ከኋላ በኩል ተማሪዎች የሚከራዩአቸው ክፍሎች አሉኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ተማሪዎቹን የምታውቃቸው እሷ ነበረች፤ ማን ምን እንደሚማር፣ የማን እናት እንደታመመች፣ ማን ምሳውን እንደሚዘል። እኔ የማውቀው ማን በር እንደሚያላትም ብቻ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ግቢው ጸጥ አለ። ጸጥታ ለሽማግሌ ጥሩ ነው የሚሉ ሰዎች ጸጥታ ውስጥ ተቀምጠው የማያውቁ ናቸው። ከምሳ በኋላ ወንበሬን በረንዳው ላይ አውጥቼ ወደ መሐል ከተማ የሚሄደውን ሚኒባስ እቆጥር ነበር። አንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደምቆጥረው የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ለካ ተመልሶ ይመጣል።

እንዲህ ባለ ከሰዓት በኋላ ከተከራዮቼ አንዷ፣ ፋርማሲ የምትማር ልጅ፣ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ጋሼ፣ ክፍሌ ጠባብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቼ ይመጣሉ። በረንዳዎ ላይ ብንጫወት ይረበሻሉ?»

«ምንድን ነው የምትጫወቱት?»

ትንሽ አሰበች። «ተረት» አለች።

እሺ አልኳት። ተረት በረንዳ አይሰብርም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከእሷ ጋር አራት ሆነው ተቀመጡ። ጨዋታው እንዲህ ነው። ተከራዬ አጫዋች ናት። በሌለ አገር ውስጥ ያለውን ሁሉ የምትናገር እሷ ናት፤ በሩ የት እንዳለ፣ ከበሩ ወዲያ ማን እንደቆመ፣ ዝናብ ይምጣ አይምጣ። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው በዚያ አገር ይጓዛሉ። «ምን ታደርጋለህ?» ትለዋለች። «በሩን እሰብራለሁ» ይላል። መሰበር አለመሰበሩን የምትወስነው ሃያ ጎን ያላት አንዲት ጠጠር ናት፤ እነሱ ዳይስ ይሏታል። ትልቅ ቁጥር ከመጣ በሩ ይሰበራል፤ ትንሽ ከመጣ ትከሻው።

ጦረኛ የሚሆነው ከኮላ ድባ የመጣ ረጅም ልጅ ነው፤ ደምቢያ ሜዳ ላይ ያደገ፣ ቁልቁለት ሲያይ የሚያዞረው። ሌባ የሚሆነው፣ ይቅር ይበለንና፣ ዲያቆን ነው፤ ሕግ ይማራል። ሐኪም የምትሆነው የዚሁ የከተማችን ልጅ ናት። ጠጠሯ በእሷ እጅ ስትገባ ሁልጊዜ ሃያ ትጥላለች፤ ሌሎቹ በዚህ ይቀኑባታል።

ሁለት ቅዳሜ ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ ዓይኔን ሚኒባስ ላይ ጆሮዬን እነሱ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ አጫዋቿ «ጀልባው ላይ ናችሁ። ወንዙ ከባሕሩ እየወሰደ ወደ ተራራው ያደርሳችኋል» ስትል ጀርባዬ አልቻለም።

«ልጄ፣ ወንዙ ወዴት ነው የሚወስዳቸው?»

«ወደ ተራራው፣ ጋሼ።»

«ሽቅብ?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «አስማት ነው ጋሼ» አለ የኮላ ድባው።

«አስማትም ቢሆን ዳገት ላይ ይደክመዋል» አልኩ። «እኔ ወንዝ ቁልቁል እንደሚሄድ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በእኔ በረንዳ ላይ ሽቅብ አይሄድም።»

«እንግዲያ አገሪቱን እርስዎ ይሥሩልን» አለች አጫዋቿ።

ልታሾፍብኝ ብላ ይመስለኛል። እኔ ግን በማግስቱ ከቅዳሴ እንደተመለስኩ አንድ የሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ፣ ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። እርሳስ ቀረጽኩ። ባለቤቴ ብታየኝ «ሰውየው ሥራ አገኘ» ትል ነበር።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አገሪቱ ቆመች። ሰሜኗን ደጋ አደረግሁት፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ከገደሉ ሥር ሽቅብ የሚወጣበት፣ ጅብራ የሚበቅልበት፣ ገብስ ብቻ የሚያውቅ አገር። መሐሏ ላይ ሐይቅ፣ በሐይቁ ዙሪያ ክረምት ሲመጣ ጫማ ውጦ የሚያስቀር ዋልካ። ምዕራቧ ቆላ፤ ሰሊጥ፣ ሙቀት፣ ወባ። የጨው ነጋዴዎች የሚያልፉበትን መንገድ በምሥራቅ በኩል በሰባት ጠመዝማዛ አወረድኩት፤ በየጠመዝማዛው አንድ ማረፊያ፣ በየማረፊያው አንድ የሚዋሽ ባለቤት። የአገሪቱ የምሥራቅ ወሰን የከረጢቱ ስፌት ነው። ከአንዱ ጥግ ሲሚንቶው በደንብ አልተራገፈም ነበርና እዚያ ላይ እርሳስ አልጽፍ አለኝ፤ «ነጭ በረሃ» አልኩት። ብዙ በረሃ የተገኘው እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

ወንዞቹን ሁሉ ቁልቁል ላክኋቸው። አንድ በአንድ በጣቴ ተከትዬ እስከ ሐይቁ ሸኘኋቸው።

የኮላ ድባው ጎንበስ ብሎ አየውና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሰሜን ጎንደር ነው። ጣናን ትንሽ ወደዚህ ገፋ አድርገውት ነው እንጂ» አለ።

«ጣና አይደለም። ዳርቻው ይለያል።»

ዳርቻው የተለየው እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው።

ስም አላወጣንላትም። ክርስትና ሳትነሣ ስም አይወጣም ብዬ ብቀልድ፣ «አገሪቱ» እንደተባለች ቀረች።

ዘንዶ ጠየቁኝ። «ምን ይበላል?» አልኩ። «ሰው» አለ ጦረኛው። «ሰው ሲያልቅበትስ?» አልኩ። ዘንዶ በሬ ይበላ ብንል በሬው ግጦሽ ይፈልጋል፤ ግጦሹ ዝናብ ይፈልጋል። ስለዚህ ዝናብ ከማይጠፋበት ገደል ሥር አኖርኩት። ዲያቆኑ «ረቡዕና ዓርብስ?» ብሎ ጠየቀ። ተከራከርንበት። በመጨረሻ ዘንዶው በጾም ቀን ከዋሻው እንዳይወጣ ተስማማን። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኛ ግን ከዚያ በኋላ ዘንዶውን እንደ ጎረቤት ለመድነው።

ታሪኳን በአሮጌ የተማሪ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ነገሥታቷ መጀመሪያ ከተማ አልነበራቸውም፤ ከዓመት ዓመት ድንኳን እየተከሉ ይዞሩ ነበር። ከዚያ አንዱ ንጉሥ ጉልበቱን አመመውና ተቀመጠ። ዋና ከተማዋ የተቆረቆረችው በጉልበት ሕመም ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ምክንያት የማይጽፉት ገና ወጣት ሳሉ ስለሚጽፉ ነው። ንጉሡ ግንብ አሠራ። ልጁ ሲነግሥ በአባቱ ግንብ አልኖርም ብሎ አጠገቡ ሌላ አሠራ። የልጅ ልጁም እንዲሁ። የአባቱ ቤት የሚበቃው አንድ ንጉሥ ልፈጥር ሞክሬ ነበር፤ ጎንደር የተወለደ እጅ እምቢ አለኝ። ከእነሱ በኋላ የሐይቁን ዳር ረግረግ እኩሌታ አድርቃ ጤፍ ያዘራች ንግሥት መጣች። ከእሷ በኋላ ደግሞ ሁለት የዜማ ቤቶች በአንዲት ምልክት ተጣሉ፤ ይህቺ ድምፅ ትነሣ ወይስ ትውደቅ ተባብለው ሦስት ትውልድ ሳይጋቡ ቀሩ።

«ይኼ ልብ ወለድ አይደለም» አለ ዲያቆኑ። «ይኼ ያለፈው ሳምንት ነው።»

ስሕተቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

አባቴ በከተማችን ካሉት ደብሮች በአንዱ መሪጌታ ነበር። እኔንም ዜማ አስጀምሮኝ፣ ድምፄ እየዋለ እያደረ የፍየል ሲሆንበት አዝኖ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ላከኝ። ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ለቤተ ክርስቲያን ውለታ ስል ነው ማለት ይቻላል። በእኛ ቤት አገር የሚለካው በደወል ነበር። ደወሉ እስከሚሰማበት ድረስ የእኛ አጥቢያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የጎረቤት። አባቴ መንገድ ሲያመለክት እንኳ «ከደወል ወጣ ትልና» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ሽማግሌዎችም ስለ ድሮዋ ጎንደር ሲያወሩ፣ የሚታደን ሰው፣ ደም ያለበት ቢሆን እንኳ፣ ሮጦ ከተከበረው ቦታ ከገባ አይያዝም፤ አስታራቂ መሐል እስኪገባ እዚያው ይቀመጣል ይሉ ነበር። በልጅነቴ ከሰማሁት ታሪክ ሁሉ ይህን እወድ ነበር። ንጉሥ እሆናለሁ ብዬ አልሜ አላውቅም፤ የሚታደነው እሆናለሁ ብዬ ግን ብዙ አልሜአለሁ።

ስለዚህ በአገሪቱ ሕግ ላይ ጻፍኩ፤ «ደወል በሚሰማበት ቦታ ሰው አይመታም፣ አይያዝም።» ታቦት አላገባሁም፤ በታቦት አይጫወቱም። ደወል ብቻ፣ በየኮረብታው። ስንት ይሁን ብዬ ሳስብ የጎንደር ልጅ የሚያውቀው ቁጥር አንድ ነው፤ እንደ ደብሮቻችን አርባ አራት። ለእያንዳንዱ በኮምፓስ ክብ አሰመርኩለት። እጄ የማይንቀጠቀጠው ኮምፓስ ስይዝ ብቻ ስለሆነ ክቦቹ እንዴት ያማሩ መሰሏችሁ። በውበታቸው ተጠምጄ ያላየሁት፣ እርስ በርስ መነካካታቸውን ነው። ከሐይቁ መሐል በቀር ከደወል ውጭ የቀረ መሬት አልነበረም።

ሕጉ ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጦረኛው መንደር ያቃጠለ ሽፍታ ሲያሳድድ ውሎ ደረሰበት። ሰይፉን መዘዘ። ዲያቆኑ እጁን አወጣ።

«ደወል ውስጥ ነው።»

ካርታውን አዩ። እውነት ነው። ሽፍታው ዋርካ ሥር ተቀምጦ የሽምብራ ቆሎ ቆረጠመ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዲያቆኑ ራሱ የንግሥቲቱን ዘውድ ሰርቆ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመና «ያዙኝ» አለ። የያዘው የለም። ሕግ የሚማር ሌባ ክፉ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ሐኪሟ ቁስለኛ አጥታ የጦረኛውን ጉንፋን አከመች፤ ለዚያም ሃያ ጣለችለት። በአራተኛው ቅዳሜ ዘንዶው ከገደሉ ወጥቶ ደወል ያለበት ኮረብታ ላይ ተኛ። የኮላ ድባው ስልኩን አወጣ። ሌሎቹም አወጡ። አጫዋቿ ስለ ዘንዶው ቅርፊት ለብቻዋ ስትናገር ቆየች።

ሲሄዱ እሷ ወንበሮቹን ለማስገባት ቀረች።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ።»

«ተናገሪ።»

«አገሪቱ በጣም ታምራለች። ግን ምንም አይሆንባትም። ልጆቹ ፒያሳ አንድ ካፌ እንሂድ እያሉ ነው፤ እዚያ ሌሎች የሚጫወቱ አሉ። የሚመጣውን ቅዳሜ እንያትና ካልሆነ...»

«ደወሎቹን ላጥፋቸው?»

«በእርሳስ ነው እኮ የተሠሩት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አምስት ስድስት ብቻ ቢያስቀሩ።»

እሺ አልኳት። በማግስቱ ላጲስ ይዤ ተቀመጥኩና ከረግረጉ ማዶ ያለውን አንዱን አጠፋሁት። ኮረብታውን ትንሽ አየሁት። መልሼ ሣልኩት።

ይህን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም፤ ሽማግሌ ቁም ነገር ሲጀምር ወጣት ያዛጋል። እዚህ ግቢ ውስጥ ግን መንገድ ተዘግቶበት የዓመት በዓል ዕለት ቤቱ መሄድ ያቃተው ልጅ አይቻለሁ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ለሁሉም አንድ ላይ ታበስል ነበር። የሚሮጥ ሰው ደርሶ የሚቀመጥበት ቦታ በየኮረብታው ቢኖር፣ በሲሚንቶ ከረጢት ላይም ቢሆን፣ ማንን ይጎዳል ብዬ ነበር። ለካ ጨዋታን ይጎዳል። ደወሎቹን ካስቀረሁ ልጆቹ ይሄዳሉ፤ ልጆቹን ካስቀረሁ ደወሎቹ። እኔ ደግሞ ወደ ሚኒባስ ቆጠራዬ መመለስ አልፈለግሁም። በሥራው ጥሩ አልነበርኩም።

መሐከለኛ መንገድ ፈለግሁ፤ ደወሎቹን ሳልነካ ክቦቹን ማጥበብ። ግን ደወል በእውነቱ እስከ የት ይሰማል? መጽሐፎቼ ውስጥ የለም። ወገራ አያ የምለው የአጎቴ ልጅ አለ፤ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ገበሬ፣ ቤቱ ከደብራቸው ብዙ የማይርቅ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበርና ሐሙስ ማለዳ በማኪና ሄድኩ።

በሩ ላይ ሲያየኝ ደነገጠ። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ አያ። ደወል ልሰማ ነው የመጣሁ።»

«አርባ አራቱን እዚያ ጥለህ?»

ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሳይስቅ ሰማኝ፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«እስቲ ልድገመው» አለ። «አገሪቱ የለችም።»

«የለችም።»

«ሰዎቹም የሉም።»

«የሉም።»

«ደወሎቹም የሉም።»

«በወረቀት አሉ።»

«አንተም ለሌለ ደወል ብለህ ያለውን ልትሰማ ወገራ ድረስ መጣህ።»

«እንደሱ ነው።»

«ሸጋ» አለ። «ድሮም እንዲሁ ነበርክ።»

ሁዳዴ ነበር፤ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። አያ ከሸንተረሩ ወዲህ ገብስ ከታጨደበት ማሳ ላይ እንዲቆም፣ እኔ ከሸንተረሩ ወዲያ እንድቀመጥና ደወሉ ሲመታ ሁለታችንም እንድንቆጥር ተስማማን። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሬን ገለጥኩ፣ ሰዓቴን ጭኔ ላይ አኖርኩ፣ የሳይንስ ሰው ሆንኩ። ነፋስ አለ። ቁራ አለ። ደወል የለም። መቀመጫዬ ደነዘዘ። በመጨረሻ አያ ዱላውን እያወዛወዘ መጣ።

«ስንቴ ቆጠርክ?»

«ገና አልተደወለም።»

«ተደውሎ፣ ቄሶቹ ገብተው፣ ሕዝቡ ቆሟል።»

ጆሮዬ ነው ብዬ አፈርኩ። እሱ ግን አጠገቤ ተቀመጠና ማዶ ያለች ቤት በዱላው ጫፍ አሳየኝ።

«ጆሮህስ እርግጥ ነው አርጅቷል። ግን ከዚህ ማንም አይሰማ። ሸንተረሩ ይጋርደዋል። ያቺን ቤት አየኻት? ከበሯ ላይ ይሰማል፣ ከጓሮዋ አይሰማም። በአያቶቻችን ጊዜ ሁለት አጥቢያ ተጣላባት። ሦስት ሰሚ ተመረጠና ነፋስ በሌለበት ማለዳ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ሰማን አሉ፣ አንዱ ምንም አልሰማሁ አለ። ሦስቱ አንድ ቃል ካልሆኑ አይጸናም ተብሎ ተበተነ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያ ሰውየ ደንቆሮ መሆኑ ታወቀ። ግን የተበተነ ሸንጎ መልሶ አልተቀመጠ። ቤቲቱ እስካሁን የማንም አይደለች። የሁለቱንም ደብር ድግስ ትበላለች።»

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ጠየቀኝ። «ለመሆኑ የእኒያ የወረቀት ደወሎች ደዋያቸው ማነው?»

ደብተሩን አገላበጥኩ። ሰነፍ ተማሪ ፈተና ላይ እንደሚያገላብጥ። የንጉሡ ጉልበት አለ። የዘንዶው ጾም አለ። ሰባቱ ውሸታም ባለማረፊያዎች አሉ። የአፈሩ ዓይነት በየወረዳው አለ።

«ደዋይ የለም» አልኩ።

«ለአርባ አራት ደወል አንድ ደዋይ የለም?»

«የለም፣ አያ።»

«እንዲያ ከሆነ ምነው ትጨነቃለህ። ሰው ያልመታው ደወል ብረት ነው። የኛው ደዋይ ባለፈው ክረምት ሲታመም ሦስት ቀን አጥቢያ አልነበረን። ያንተ አገር እኮ ከተፈጠረች አንድ ቀን አልተደወለባት።»

አንገቴን ደፋሁ። አርባ አራት ጊዜ ኮምፓስ ሳሽከረክር፣ ገመዱን የሚይዝ እጅ አንድ ጊዜ ትዝ አላለኝም። ስለ ሰው የማውቀው ማን በር እንደሚያላትም ብቻ ነበር ብያችሁ የለ? ባለቤቴ ካርታውን አይታ ቢሆን ኖሮ ስለ ወንዙ አትጠይቀኝም ነበር። «እዚህ የሚኖረው ማነው?» ነበር የምትለው፣ በመጀመሪያው ቀን።

ቅዳሜ ልጆቹ መጡ። የኮላ ድባው ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ተቀመጠ፤ አይቼዋለሁ። ወንበሬን አዙሬ፣ በመንገድ ላይ ማኪና ውስጥ የጻፍኩትን አዲስ ምዕራፍ አነበብኩላቸው። እያንዳንዱ ደወል አንድ የደዋይ ቤት ነበረው። ሁለቱ የዜማ ቤቶች ሲጣሉ ደዋዮቹም በየወገናቸው ተከፈሉ፤ የአንዱ ወገን ሲደውል የሌላው ወገን አልሰማሁም ማለት ጀመረ። ደዋዮቹ ተቀየሙ። አንዱ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ዘራ፣ አንዱ ገመዱን ለአህያ ጭነት ሸጠ፣ አንዱ አርጅቶ ደነቆረ። ሕጉ አለ፤ ደወሎቹ አሉ። ድምፃቸውን የሰማ ግን በሕይወት ያለ ሰው ጥቂት ነው።

ዲያቆኑ ብዕሩን አስቀመጠ። «ደወል በሚሰማበት ቦታ ነው የሚለው ሕጉ።»

«እንደሱ ነው የሚለው።»

«ባለፉት አራት ቅዳሜዎች ደወል ተሰምቶ ነበር?»

«አልተሰማም።»

«እኔ ዘውዱን ስሰርቅ ያለ ምንም ከለላ ነበር የቆምኩት?»

«ያለ ምንም።»

ብዕሩን መልሶ አነሣ። «ይግባኝ እላለሁ» አለ።

የኮላ ድባው ቦርሳውን አወረደ። «ያ ሽፍታ ቆሎውን ጨረሰ?» አለና ጠጠሯን አነሣ።

ሽፍታው ጨርሶ ነበር። ብቻውንም አልነበረም። አጫዋቿ አራት ቅዳሜ ያጠራቀመችውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት አወረደችባቸው፤ ከዋርካው ጀርባ ሰዎች ወጡ፣ ከገደሉ አፋፍ ሰዎች ወጡ። ሌባው ዘውዱን ጥሎ ሮጠ፣ ተመልሶ አነሣው፣ እንደገና ጣለው። ጦረኛው ጎኑን ተወጋ። ሐኪሟ ልታክመው ጠጠሯን ወረወረች። አንድ። ከእሷ እጅ አንድ ስትወጣ ስናይ የመጀመሪያችን ነበር፤ ጠጠሯን አንሥታ ጎኖቿን ሁሉ አገላብጣ አየች።

«ወደ ደወሉ» አለ ጦረኛው። «ተሸከሙኝ። የቅርቡ የት ነው?»

ከረግረጉ ማዶ ነው፤ አጥፍቼ መልሼ የሣልኩት። ካርታው ላይ አሁንም ላጲስ እንዳደበዘዘው ነው። በጣቴ አሳየኋቸው። ሌባውና ሐኪሟ ጦረኛውን በጭቃው ውስጥ ጎትተው ኮረብታው ላይ አወጡት፤ ሽፍቶቹ ከኋላ። ደወሉ አለ። ገመዱ ላዩ ላይ ተጠቅልሏል፤ ከሥር ያለው የደዋዩ ቤት ተዘግቷል። አጫዋቿ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ደዋዩ ቤት ነው?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያ ደዋዩን እርስዎ ይጫወቱታ።» ጠጠሯን መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። «ከአሥር በላይ ከመጣ በሩ ሲመታ ሰምቶ ይነሣል።»

ስንት ቅዳሜ አብሬያቸው ተቀምጬ ነክቻት አላውቅም ነበር። ከባቄላ ብዙ አትበልጥም። ሁሉም እጄን ያያሉ። ወረወርኩ። ጠረጴዛውን አልፋ ወርዳ ከወንበሬ ሥር ገባች። የኮላ ድባው በረጅም ቁመቱ ተንበርክኮ ሥሬ ገባ።

«ሦስት» አለ ከዚያው።

«ደዋዩ ተኝቷል» አለች አጫዋቿ።

«ጋሼ፣ ልሞት ነው እኮ።»

«ምን ላድርግ፣ ልጄ። እንቅልፍ ነው።»

«ሌላ ደዋይ የለም?»

«በዚህ ወገን እሱ ብቻ ነው የቀረው።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«የእኔ እኩያ ነው።»

«አበቃልኝ» አለና ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

ሐኪሟ ደሙን በነጠላዋ ጠቅጥቃ ይዛዋለች፤ ሌባው በሩን በሁለት እጁ ይመታል፤ ሽፍቶቹ ረግረጉን ተሻግረዋል። አጫዋቿ እዚህ ላይ ደብተሯን ዘጋች። ጮኹባት። እሷ ፈገግ አለች። ፒያሳን ያነሣ ሰው አልነበረም። የኮላ ድባው የውጭው በር ላይ ሲደርስ ዞረና «ጋሼ፣ በሳምንቱ እንደልብዎ ይተኙ። ቅዳሜ ግን አደራ» አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታዬ ይኸው ሆነ። ዲያቆኑ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኘኝ መስቀል ከተሳለምኩ በኋላ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «ነቁ?» ይለኛል። ሐኪሟ ከሚኒባስ መስኮት «ጋሼ፣ ይነሡ እንጂ» ብላኝ አለፈች። ያችን ሚኒባስ ቆጠርኳት።

ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ወንበሮቹን ደርድሬ፣ ካርታውን ዘርግቼ፣ ነፋስ እንዳይወስደው አራት ማዕዘኑ ላይ ድንጋይ አኑሬ ጠበቅሁ። የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ ግን ወንበሬ ላይ ጋደም ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እንደገና አንኳኩ። «ጋሼ» አለ የኮላ ድባው። «ጋሼ፣ እየደማሁ ነው።»

አጫዋቿ ከክፍሏ ወጣች። በሽፋሽፍቴ ሥር አየኋት፤ እሷም እንዳልተኛሁ አይታኛለች። በሩን ልትከፍት አልሄደችም። ደፏ ላይ ተቀመጠችና አፏን በእጇ ያዘች።

ውጪ ሦስቱም በአንድነት ቆርቆሮውን ይመቱት ጀመር። ድምፁ በግቢው ዞሮ፣ በጎረቤት አጥር ተሻግሮ ወጣ። እኔም ዓይኔን እንደጨፈንኩ፣ እስቲ ትንሽ ጠንከር አድርገው ይምቱት፣ እስከ የት እንደሚሰማ ልይ ብዬ ቆየሁ።